ሞተር የተቀየረላቸው ባለሁለት ዲፈረንሻል ተሽከርካሪዎች፦ የሞተር መቆራረጥንና የነዳጅ ችግርን እንዴት መለየት ይቻላል?

በገጠር መንገዶች፣ በግንባታ ሥፍራዎች፣ በእርሻ ሥራና በቱሪስት ጉዞ ላይ ተሰማርተው ከሚገኙት ባለሁለት ዲፈረንሻል ተሽከርካሪዎች መካከል ዕድሜያቸው የገፋ በርካቶች ናቸው። የብዙዎቹ ሻንሲና አካል ገና ለረጅም ጊዜ ማገልገል የሚችል ሲሆን፣ ከፋብሪካ ይዘውት የመጡት ሞተር ግን በሌላ የተተካባቸው ጥቂት አይደሉም። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር ውስጥ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ ነባር ተሽከርካሪን በአግባቡ ጠግኖ ማቆየት ለባለንብረቱ ይበልጥ ትርጉም ያለው ጉዳይ ሆኗል።

ሞተር መቀየር በባለሙያ ከተሠራና በሕጋዊ መንገድ ከተመዘገበ በራሱ ችግር የለበትም። ሆኖም ከለውጡ በኋላ የሚያጋጥሙ፣ እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉ ምልክቶች አሉ። ሞተሩ ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል፤ ተነስቶም ወዲያው ይጠፋል፤ በተለምዶ ሚኒሞ በሚባለው ዝቅተኛ ዙር ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ዳገት ሲጀምር ጉልበት ያጣል ወይም እየተቆራረጠ ይሠራል። በዚህ ጊዜ በቅድሚያ የሚሰጠው ፍርድ «ፓምፑ ተበላሽቷል» ወይም «የገዙት ሞተር ያረጀ ነው» የሚል ይሆናል። ባለንብረቱም ፓምፕ ያስፈታል፣ ኖዝል ይቀይራል፣ ከፍተኛ ገንዘብ ያወጣል፤ ችግሩ ግን እንዳለ ይቀጥላል።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች ወደ ከፍተኛ ወጪ ከመግባታቸው በፊት የችግሩን ምንጭ በቅደም ተከተል መለየት እንዲችሉ ነው። ሊታወስ የሚገባው ዋና ነጥብ አንድ ነው፦ ሞተር የተቀየረለት ተሽከርካሪ ሁለት የተለያዩ ተሽከርካሪዎች የተገናኙበት ነው። ታንኩ፣ የነዳጅ ቱቦውና አብዛኛው የኤሌክትሪክ መስመር የነባሩ ናቸው፤ ሞተሩ፣ ፓምፑና ፍላጎታቸው ግን የሌላ ናቸው። ስለሆነም ምርመራው መጀመር ያለበት ሁለቱ ከሚገናኙበት ቦታ ነው።

ጉዳዩ የመንገድ ደኅንነት ጉዳይም ነው

በጉዞ ላይ ሞተር ሲጠፋ የሚቋረጠው ጉልበት ብቻ አይደለም። መሪን የሚያቀልለው አጋዥ ኃይል ወዲያው ይቋረጣል። ፍሬንን የሚያግዘው የተጠራቀመ የአየር ስበትም ፔዳሉ ጥቂት ጊዜ እንደተረገጠ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ እንደሚወስደው፣ በአንድ ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ በሚወረድበት መንገድ ላይ የሚጠፋ ሞተር የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

በዚህ ረገድ ከቤንዚን ወደ ናፍጣ የተቀየሩ ተሽከርካሪዎች የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። የቤንዚን ሞተር አየር የሚገባበትን መንገድ በከፊል እየዘጋ ስለሚሠራ ለፍሬን ማገዣ የሚያስፈልገውን ስበት ራሱ ይፈጥራል። የተለመደው የናፍጣ ሞተር ግን ይህን አያደርግም፤ ስበቱን የሚፈጥርለት የራሱ ፓምፕ ሊኖረው ይገባል። ይህ ፓምፕ በብዙ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ላይ ከዲናሞው ጀርባ ተያይዞ ይገኛል። በሞተር ለውጡ ወቅት ሌላ ዓይነት ዲናሞ ተገጥሞ ከሆነ ፓምፑ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል፣ የነዳጅ ችግር ከመፈለግዎ በፊት የፍሬን ማገዣው በአግባቡ እንደሚሠራ ያረጋግጡ።

ትናንት የሠራ ቱቦ ዛሬ ለምን ያስቸግራል?

ብዙ ባለንብረቶች «ታንኩና ቱቦው ለዓመታት ያለችግር ሲሠሩ ነበር፤ ስለዚህ ችግሩ ከአዲሱ ሞተር ነው» ይላሉ። ነገሩ በሚታወቅ ምሳሌ ሲታይ ግን ይህ ድምዳሜ ትክክል አለመሆኑ ይገለጣል።

3ኤፍ በሚባለው ባለስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ይሠራ የነበረ ላንድክሩዘር 1ኤችዜድ በሚባለው የናፍጣ ሞተር ተተክቶለታል እንበል። የመጀመሪያው 3,955 ሲሲ፣ ሁለተኛው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የተመረተ 4,164 ሲሲ ሞተር ነው። ሁለቱም ስድስት ሲሊንደር ያላቸውና በመጠን የተቀራረቡ ቢሆኑም ነዳጅ የሚጠቀሙበት መንገድ ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ካርቡሬተር ያለው የቤንዚን ሞተር በካርቡሬተሩ ውስጥ ጥቂት ነዳጅ የሚጠራቀምበት ቋት አለው። በቱቦው ውስጥ ጥቂት አየር ቢገባ አየሩ ከቋቱ ላይ ይወጣል፣ ሞተሩም ከተጠራቀመው ነዳጅ መሥራቱን ይቀጥላል። በናፍጣው ሞተር ላይ ያለው ፓምፕ ግን ናፍጣውን በራሱ ኃይል ከታንኩ እየሳበ፣ ከ100 ባር በላይ በሆነ ግፊት ወደ እያንዳንዱ ሲሊንደር ይልካል። አየር የሚጨመቅ ነገር በመሆኑ በፓምፑ ውስጥ አረፋ ሲገኝ ግፊቱ ይወድቃል፤ ኖዝሉ አይከፈትም፤ ሲሊንደሩም ሳይተኩስ ያልፋል። ስለዚህ የቤንዚኑ ሞተር ችላ ይለው የነበረ የፀጉር ያህል ስንጥቅ የናፍጣውን ሞተር ለማቆም ይበቃል።

ሌላው ልዩነት የመመለሻ መስመር ነው። የናፍጣ ፓምፕ ለማቃጠል ከሚፈልገው በላይ ናፍጣ ስቦ፣ ትርፉን ለማቀዝቀዣና ለማለስለሻ ተጠቅሞ ወደ ታንክ ይመልሳል። የነባሩ ታንክ መመለሻ ቀጭን፣ የታጠፈ ወይም በዝገት የተደፈነ ከሆነ በፓምፑ ውስጥ ያለው ግፊት ይዛባል፤ የሞተሩ አሠራርም አብሮ ይዛባል።

ከመፍታት በፊት ምልክቱን ማስተዋል

መፍቻ ከመነሳቱ በፊት ችግሩ መቼ እንደሚታይ በጥንቃቄ ያስተውሉ፤ ቢቻል በጽሑፍ ይያዙ። ችግሩ የተጀመረው ከሞተር ለውጡ ዕለት ጀምሮ ነው ወይስ ከወራት በኋላ? ከመጀመሪያው የነበረ ችግር በአብዛኛው የአገጣጠም ስህተት ያመለክታል፤ ቆይቶ የመጣ ችግር ደግሞ የመደፈን፣ የመላላት ወይም የማርጀት ምልክት ነው።

ተሽከርካሪው ካደረ በኋላ ለመነሳት የሚያስቸግር፣ ተነስቶ ለጥቂት ሴኮንዶች ሠርቶ የሚጠፋና ከዚያ በብዙ ሙከራ የሚነሳ ከሆነ፣ በሳቢው መስመር አየር እየገባ ናፍጣው ሌሊት ወደ ታንክ እንደሚመለስ ይጠረጠራል። ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ወይም ከፍ ባለ ፍጥነት ጉልበት የሚያጣ ከሆነ የነዳጁ መንገድ መጥበቡን ያመለክታል፤ ለዝቅተኛ ዙር የሚበቃው ናፍጣ ለዳገት አይበቃም። በዝቅተኛ ዙር ላይ ብቻ ወጥ በሆነ ምት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አንድ ሲሊንደር አለመሥራቱ ይጠረጠራል። ተሽከርካሪው ወደ ጎን ሲያዘነብል ወይም ቀጥ ያለ አቀበት ላይ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ በታንኩ ውስጥ ያለው መሳቢያ አየር ላይ እየቀረ ሊሆን ይችላል። ጉድጓድ ሲመታ የሚጠፋና ወዲያው የሚነሳ ሞተር በቅድሚያ የኤሌክትሪክ ምርመራ ያስፈልገዋል።

የነዳጁን መንገድ ከታንኩ ጀምሮ መከተል

ምርመራው ከርካሹና ከቀላሉ ወደ ውዱና ወደ ከባዱ መሄድ አለበት። ስለዚህ ፓምፑ የሚታየው በመጨረሻ ነው።

በቅድሚያ ነዳጁን ይመልከቱ። ከፊልትሮው ሥር ጥቂት ናፍጣ ንጹሕ በሆነ ብርሃን አሳላፊ ጠርሙስ ውስጥ ቀድተው ለተወሰነ ጊዜ ያስቀምጡት። ውኃ ካለው ከሥር ይዘቅጣል፤ ዝገትና ቆሻሻም ይታያል። ከማደያ ውጭ በበርሜልና በጀሪካን የሚሸጥ ናፍጣ ውኃ ወይም ኬሮሲን የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። የናፍጣ ፓምፕ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው በመሆኑ ውኃም ሆነ ኬሮሲን ከመቆራረጥ አልፎ ፓምፑን እስከመጨረሻው ሊያበላሸው ይችላል።

ቀጥሎ የታንኩን መተንፈሻ ያረጋግጡ። ሞተሩ ጉልበት ባጣበት ቅጽበት ተሽከርካሪውን በአስተማማኝ ቦታ አቁመው የታንኩን ክዳን ይክፈቱ። አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ የሚሰማ ድምፅ ካለና ሞተሩ ከዚያ በኋላ ከተስተካከለ ችግሩ መተንፈሻው ወይም ክዳኑ ነው። ይህ ምርመራ ምንም ወጪ የለውም።

ከዚያም ከታንኩ እስከ ፊልትሮው ያለውን ቱቦ በእጅዎና በዓይንዎ ይከተሉት። በሞተር ለውጥ ወቅት ነባሩ የብረት ቱቦ ከአዲሱ ሞተር ጋር የሚገናኘው በጎማ ቱቦ ነው፤ ይህ ቦታ ዋነኛው ተጠርጣሪ ነው። የጎማው ውፍረት ከብረቱ ጋር ይስማማል? ፋሼታው ጠብቋል ወይስ ጎማውን ቆርጦታል? ቱቦው ታጥፎ ጠቧል? ለውኃ የተሠራ ጎማ ለነዳጅ አገልግሎት ተገጥሞ ከሆነ ከውስጥ አብጦ ይላላል፤ ከውጭ ሲታይ ደህና ይመስላል። በሳቢው መስመር ያለ ቀዳዳ አየር ወደ ውስጥ ያስገባል እንጂ ብዙ ጊዜ ናፍጣ ወደ ውጭ አያፈስም። ስለሆነም መሬት ላይ የፈሰሰ ናፍጣ አለመታየቱ ቱቦው ጤነኛ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም።

አየር መኖሩን ለማወቅ መካኒኩ በፊልትሮውና በፓምፑ መካከል አጭር ብርሃን አሳላፊ የነዳጅ ቱቦ ለጊዜው እንዲገጥም ይጠይቁ። ሞተሩ ሲሠራ በቱቦው ውስጥ ያለማቋረጥ አረፋ ከታየ አየር እየገባ ነው። በፊልትሮው ራስ ላይ ያለው የእጅ ፓምፕ ካደረ በኋላ ሲጫኑት ለስላሳና ባዶ ከሆነም ተመሳሳይ ምልክት ነው። የእጅ ፓምፑ ራሱ ውስጡ ያለው ጎማ አርጅቶ አየር ሊያስገባ እንደሚችልም አይዘንጉ።

ሁለት ታንክ ባላቸው ተሽከርካሪዎች ላይ ታንክ የሚያቀያይረው መሣሪያ ለብቻው ይታይ። አንዳንድ የላንድክሩዘር ሞዴሎች እያንዳንዳቸው 90 ሊትር የሚይዙ ሁለት ታንኮች አሏቸው። መሣሪያው ሳቢውን መስመር እየቀየረ መመለሻውን ሳይቀይር ቢቀር፣ ከአንዱ ታንክ የተሳበ ናፍጣ ወደ ሌላው እየተመለሰ አንዱ ሲራቆት ሌላው ሞልቶ ይፈሳል። የነዳጅ መለኪያው ጠቋሚም ከታንኩ መለኪያ ጋር የማይስማማ ከሆነ የተሳሳተ መጠን ያሳያል፤ ነዳጅ ያለቀበት ተሽከርካሪ «ታመመ» ተብሎ ጋራዥ እንዳይገባ ይህም ይረጋገጥ።

ፓምፑ በቅርቡ ተፈትቶ ከነበረ አንድ ትንሽ ነገር ትልቅ ዋጋ አላት። በዚህ ዓይነት ፓምፕ ላይ ናፍጣ የሚገባበትና የሚመለስበት ብሎን በመልክ ይመሳሰላሉ፤ የመመለሻው ግን በውስጡ እጅግ ጠባብ ቀዳዳ ያለው ሲሆን በራሱ ላይ «አውት» የሚል የላቲን ጽሑፍ ተቀርጾበታል። ሁለቱ ተቀያይረው ከተገጠሙ ፓምፑ በቂ ናፍጣ አያገኝም። ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ታማሚ ይመስላል።

የጀሪካን ሙከራ

እስካሁን የተዘረዘሩት ምርመራዎች ቁርጥ ያለ መልስ ካልሰጡ፣ በሞተሩና በተሽከርካሪው መካከል የሚፈርድ አንድ ሙከራ አለ። የታንኩ መስመር ለጊዜው ይነጠልና ፓምፑ ንጹሕ ናፍጣ ካለበት ጀሪካን በአጭርና ጤነኛ ቱቦ እንዲስብ ይደረጋል፤ መመለሻውም ወደዚያው ጀሪካን ይገባል። ጀሪካኑ ከሚሽከረከሩና ከሚግሉ የሞተር ክፍሎች ርቆ በደንብ መታሰር አለበት። አየሩ ከወጣ በኋላ ሞተሩ እንዲነሳና እንዲሠራ ይደረጋል።

ሞተሩ በጀሪካኑ ናፍጣ ተስተካክሎ ከሠራ ፓምፑም ኖዝሉም ሞተሩም ጤነኞች ናቸው፤ ችግሩ በታንኩ፣ በቱቦው፣ በፊልትሮው ወይም በመመለሻው ላይ ነው። ችግሩ በጀሪካኑም ካልተለወጠ ግን ወደ ፓምፑ፣ ወደ ኖዝሉና ወደ ሲሊንደሮቹ ግፊት ምርመራ መሄድ ተገቢ ይሆናል። ይህ አነስተኛ ወጪ ያለው ሙከራ ሳይደረግ ፓምፕ እንዲፈታ አለመፍቀድ የባለንብረቱ መብት ነው።

ሙከራው ለናፍጣ ሞተር ብቻ የሚሠራ ነው። ቤንዚን በቀላሉ የሚተንና የሚቀጣጠል በመሆኑ በዚህ መንገድ ፈጽሞ መሞከር የለበትም።

አየር፣ ጭስና ከፍታ

ሞተር ነዳጅና አየር በተመጣጠነ መጠን ይፈልጋል፤ ሚዛኑ መዛባቱን የሚናገረው ጭሱ ነው። ጥቁር ጭስ ናፍጣው በዝቶ ወይም አየሩ አንሶ መሆኑን ያመለክታል። ነጭ ጭስ ሳይቃጠል የሚወጣ ናፍጣ፣ የዘገየ የፓምፕ ምት ወይም ወደ ሲሊንደር የገባ የራዲያተር ውኃ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ያሳያል።

በሀገራችን የመልክዓ ምድሩ ከፍታና ዝቅታ ለዚህ ጉዳይ ልዩ ትርጉም አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ሞተሩ በእያንዳንዱ ምት የሚያገኘው አየር በባሕር ጠረፍ ከሚያገኘው በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። በቆላማ ሀገር ሲሠራ ቆይቶ የመጣ ያገለገለ ሞተር ፓምፑ የተስተካከለው ለዚያ አየር ስለሆነ፣ ደጋ ላይ ጥቁር ጭስ ያበዛል፣ ናፍጣ ይጨርሳል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ይህ ብልሽት ሳይሆን የማስተካከል ጉዳይ ነው። በአንጻሩ ደጋ ላይ ተስተካክሎ ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ ተሽከርካሪ የበለጠ አየር ስለሚያገኝ ጭሱ ይቀንሳል። ስለዚህ ማስተካከያው ተሽከርካሪው በአብዛኛው ለሚሠራበት አካባቢ እንዲሆን ለመካኒኩ ይንገሩ።

የአየር ፊልትሮም አይዘንጋ። በአቧራማ መንገድ የሚውል ተሽከርካሪ ፊልትሮ በፍጥነት ይደፈናል። በሞተር ለውጥ ወቅት ከነባሩ ቤት ወደ አዲሱ ሞተር የተሠራው የአየር ቱቦ ጠባብ ከሆነ ወይም በስበት የሚጨመቅ ስስ ጎማ ከሆነ ሞተሩ ይታፈናል፤ ክፍተት ካለው ደግሞ አቧራ አስገብቶ ፒስተንና ሲሊንደርን ይበላል።

የኤሌክትሪክ መስመሩ

ብዙ ሰው የቆየ የናፍጣ ሞተር ከተነሳ በኋላ ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም ብሎ ያስባል። ሆኖም በፓምፑ ላይ ቁልፍ ሲዘጋ ናፍጣውን የሚያቋርጥ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማቆሚያ አለ። ይህ ማቆሚያ ያለማቋረጥ ኤሌክትሪክ ማግኘት አለበት። ሽቦው በአዲሱ ሞተርና በነባሩ ቁልፍ መካከል ተቀጥሎ ከሆነና ቅጥያው ከላላ፣ ሞተሩ ጉድጓድ ላይ ወይም ሙቀት ሲበዛ ድንገት ይጠፋል። ሞተሩ እየሠራ በማቆሚያው ላይ ያለው ቮልቴጅ ሲለካ ከባትሪው ጋር የተቀራረበ መሆን አለበት።

ሞተሩን ከሻንሲውና ከባትሪው ጋር የሚያገናኘው የመሬት ኬብልም በቂ ውፍረት ሊኖረውና ከቀለምና ከዝገት ንጹሕ በሆነ ብረት ላይ ሊታሰር ይገባል። ባለ24 ቮልት ሞተር በባለ12 ቮልት ተሽከርካሪ ላይ ወይም በተገላቢጦሽ ተገጥሞ ከሆነ የማሞቂያ ካንዴላዎቹና ማቆሚያው ከተሽከርካሪው ቮልቴጅ ጋር እንዲስማሙ መቀየራቸውን ያረጋግጡ። ደካማ የማሞቂያ ካንዴላ በደጋ ጠዋት ሞተሩን ለመነሳት ያስቸግረዋል፤ ከተነሳም በኋላ ነጭ ጭስ እያወጣ ለጥቂት ጊዜ ያንቀጠቅጠዋል።

አንድ ሲሊንደር ሲያርፍ

መንቀጥቀጡ ወጥ ከሆነ መካኒኩ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እየሠራ ወደ እያንዳንዱ ኖዝል የሚሄደውን ቱቦ ማሰሪያ በየተራ በጥቂቱ ያላላል። ጤነኛ ሲሊንደር ሲቋረጥ የሞተሩ ዙር ይወርዳል፤ ምንም ለውጥ ካልተሰማ ችግር ያለበት እርሱ ነው። በዚህ መንገድ ስድስቱንም ኖዝል ከመቀየር አንዱን መርምሮ ማወቅ ይቻላል። ሥራው ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ በከፍተኛ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳን በስቶ ሊገባ ስለሚችል እጅን ማቅረብና ያለ ዓይን መከላከያ መሥራት የተከለከለ ነው። እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰበት ሰው ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ሳይዘገይ ወደ ሕክምና መሄድ አለበት።

መንቀጥቀጥ ሁሉ ግን የነዳጅ አይደለም። ተሽከርካሪው ቆሞ ሞተሩ በተመሳሳይ ዙር ሲሠራ መንቀጥቀጡ ከሌለና በጉዞ ላይ ብቻ ከታየ፣ ኃይል አስተላላፊው ዘንግ በሞተር ለውጡ ምክንያት የተሳሳተ ማዕዘን ይዞ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ሲነሳና ሲጠፋ ብቻ በኃይል የሚናወጥ ከሆነ ደግሞ የሞተሩ መቀመጫ ጎማዎች ለሞተሩ ክብደት የማይመጥኑ ወይም ያረጁ መሆናቸው ይታይ።

የቤንዚን ሞተር የተተካላቸው ተሽከርካሪዎች

በካርቡሬተር ይሠራ በነበረ ተሽከርካሪ ላይ ነዳጅን በኢንጀክተር የሚረጭ የቤንዚን ሞተር ሲገጠም ችግሩ መልኩን ይለውጣል። ካርቡሬተር የሚፈልገው ከግማሽ ባር ያነሰ ግፊት ሲሆን የኢንጀክተር ሞተር በአብዛኛው ከ2.5 ባር በላይ ይፈልጋል። ነባሩ ፓምፕ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር ሊያሠራው ቢችል እንኳ ለዳገት አይበቃም፤ ነባሮቹ የጎማ ቱቦዎችም ለከፍተኛው ግፊት ስላልተሠሩ ሊፈነዱና እሳት ሊያስነሱ ይችላሉ። ነባሩ ታንክ በውስጡ ነዳጁን በመሳቢያው ዙሪያ የሚይዝ ክፍል ከሌለው ደግሞ ነዳጅ ሲያንስ ተሽከርካሪው ባዘነበለ ቁጥር ሞተሩ ይቆራረጣል።

ካርቡሬተር ባላቸው ላይ በቆላ ሙቀት የሚታይ ሌላ ችግር አለ። ተሽከርካሪው ለጥቂት ደቂቃ ቆሞ መልሶ አልነሳ ይላል፤ ሲቀዘቅዝ ይነሳል። ይህ የሚሆነው በአዲሱ አገጣጠም የነዳጅ ቱቦው ለጭስ ማውጫው ቀርቦ ቤንዚኑ በቱቦው ውስጥ ስለሚተን ነው። መፍትሔው ቱቦውን ከሙቀቱ ማራቅ ወይም መከለል ነው እንጂ ፓምፕ መቀየር አይደለም።

ጋራዥ ሲሄዱ

ለመካኒኩ «ሞተሩ አስቸግሮኛል» ከማለት ይልቅ ችግሩ መቼ፣ በምን ዙር፣ በሙቅ ወይም በቀዝቃዛ ሞተር፣ ምን ያህል ነዳጅ በታንክ እያለ እንደሚታይ ይንገሩ። የሞተሩን ዓይነት፣ ከየትኛው ሞዴል እንደመጣና በለውጡ ወቅት የትኞቹ ክፍሎች ከነባሩ እንደቀሩ የሚያሳይ ማስታወሻ በተሽከርካሪው ውስጥ ያኑሩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንዲቀየርና ውጤቱ እንዲታይ ይጠይቁ፤ ሦስት ነገር በአንድ ቀን ከተቀየረ ችግሩ ቢጠፋም እንኳ መንስኤው አይታወቅም። የተቀየሩ ዕቃዎችን ይረከቡ፤ የክፍያ ደረሰኝም ይያዙ።

ሊብሬና ዓመታዊ ምርመራ

ስለ ተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ በወጣው አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች መመዝገብና በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ማድረግ አለባቸው። የባለቤትነት መታወቂያ ደብተሩ ማለትም ሊብሬው ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር የሞተር ቁጥሩንና የነዳጁን ዓይነት ይይዛል። ሞተሩ ተቀይሮ ሊብሬው ካልተስተካከለ በምርመራ ወቅት በወረቀቱና በተሽከርካሪው መካከል ልዩነት ይገኛል። ይህም ቦሎ ለማሳደስ፣ ስም ለማዛወር እንዲሁም አደጋ ቢደርስ ከመድን ሰጪ ጋር ለሚኖረው ጉዳይ እንቅፋት ሊሆን ይችላል።

ስለሆነም ሞተር ለመቀየር ያሰቡ ባለንብረቶች ከመግዛታቸው በፊት ፋይላቸው የሚገኝበትን የተሽከርካሪ ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ቀርበው እንዲያማክሩ ይመከራል። ሞተሩ ከየት እንደተገኘ የሚያሳይ ሕጋዊ የግዥ ወይም የጉምሩክ ማስረጃ የሌለው ሞተር ዋጋው ቢረክስም በመጨረሻ ውድ ነው። ለውጡን አድርገው ያላስመዘገቡም ተሽከርካሪው የምርመራ ጊዜው ከመድረሱ በፊት ማስረጃቸውን ይዘው እንዲቀርቡ እናሳስባለን።

ወደ ምርመራ ከመሄድዎ በፊት በዚህ ጽሑፍ የተዘረዘሩትን በአጭሩ ይከልሱ፦ የሚያንጠባጥብ ነዳጅ አለመኖሩን፣ ቱቦዎቹ ከጭስ ማውጫው ርቀው መታሰራቸውን፣ ጭሱ ከልክ ያለፈ አለመሆኑን፣ የፍሬን ማገዣው መሥራቱንና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር መስማማቱን ያረጋግጡ። ያልተሟላ ነገር ካለ አስተካክለው ይቅረቡ፤ በጉዞ ላይ የመቆራረጥ ወይም የመጥፋት ምልክት የሚያሳይ ተሽከርካሪ ደግሞ መንስኤው ተለይቶ እስኪጠገን ድረስ ሰውና ጭነት ይዞ ወደ ረጅም ቁልቁለት እንዳይወጣ ያድርጉ።